ጨጓራ የሌለው ማን አለ?

በዚህች ቡሌቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ ግጥም፣ ስለ ልቦለድ፣ ስለ ሰዋስውና ስለ ሥነ ቃል የሚያወሱ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ስለ ጨጓራ ነው። «የአማርኛ ተማሪን ከጨጓራ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነኝም አላልሁም። ነገር ግን ጉዳዩ የበሽታ ብቻ ሳይሆን የቃልም ጉዳይ ነው። አንዲት ቃል ያለቦታዋ ስትውል ሰውን ለሞት ልታደርስ እንደምትችል በራሴ ቤተሰብ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልሁም።

እስቲ ከቃሏ ልነሣ። በእኛ ዶርም ስድስት ልጆች ነን፤ ሦስታችን «ጨጓራ አለብኝ» እንላለን። ሠርግ ቤት «ቁርጥ ብላ እንጂ» ሲባል «ይቅርብኝ፣ ጨጓራ አለብኝ» የሚል አይጠፋም። ፈተና ሲቃረብ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» እንላለን። ሰው ሲያበሳጨን እንኳ «ጨጓራዬን አትላጠው» ነው የምንለው። ልብ ብለን ካየነው ግን ጨጓራ የበሽታ ስም አይደለም፤ የአካል ክፍል ስም ነው። በጉም በሬውም አለው፣ ዱለት የሚሠራውም ከእሱ ነው። እግሩን ያመመው ሰው «እግር አለብኝ» አይልም፤ ጥርሱን ያመመው «ጥርስ አለብኝ» ቢል ይሣቅበታል። ታዲያ ጨጓራ የሌለው ማን አለ? እርግጥ ነው፣ «ኩላሊት አለበት»፣ «ጉበት ነው አሉት» እያልንም እንናገራለን። ቦታውን ጠርቶ ሕመሙን ማመልከት የቋንቋ ልማድ ነውና አያስወቅስም። ችግሩ የሚመጣው የቦታው ስም ሕመሙን ሁሉ ሲውጠው ነው።

አቋሜን በአጭሩ ላስቀምጥ። «ጨጓራ» የምትለዋ ቃል ሦስት አራት የተለያዩ ሕመሞችን አንድ ላይ ያጨቀች ከረጢት ሆናለች። ስለዚህ ለሐኪምም ሆነ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ለዘመድም ጭምር፣ ከረጢቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን አውጥተን እንናገር ነው የምለው። ቃር ከሆነ ቃር እንበል። ሌላ ከሆነ ደግሞ የሚያመንን ቦታ፣ የሚያመንን ሰዓትና አብሮት የሚመጣውን ነገር እንናገር። ለዚህ የሚሆን ቃል በእናቶቻችን አፍ ሞልቷል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። እናቴ የምትኖረው ብቸና ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ፣ ሞጣ ነው ያሉት። ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው በአንዱ መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። በእኛ ቤተሰብ በዚህ መንገድ የማይላላክ ነገር የለም። ጤፍ ይላካል፣ በርበሬ ይላካል፣ መልእክት ይላካል። መድኃኒትም ይላካል።

በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለፋሲካ ብቸና ሄድሁ። የእናቴ ሕመም የቆየ ነው። ከበላች በኋላ ደረቷ መሐል እሳት የነደደ ይመስላታል። ቤት ስትጠርግ ወይም ምጣድ ላይ ጎንበስ ስትል ጎምዛዛ ውኃ እስከ ጉሮሮዋ ይመጣባታል። የዚያን ዓመት ደግሞ ባሰባት። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾማ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ዶሮ ወጡን ከበላን በኋላ፣ ሁላችንም ስንተኛ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አነጋችው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ቃሬ ነው ልጄ። አንተ ተኛ» አለችኝ።

ልብ በሉልኝ፣ «ቃር» ነው ያለችው፤ ጨጓራ አላለችም። ቃሉን የለወጥሁት እኔ ነኝ፣ የተማርሁት ልጇ። «ይሄማ ጨጓራ ነው» ብዬ በማግሥቱ ኦሜፕራዞል ገዛሁላት። የሐኪም ወረቀት አምጣ ያለኝ የለም። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ሲሻላት ራሴ ሐኪም የሆንሁ መሰለኝ።

በዳግም ትንሣኤ ሰሞን አጎቴን ልጠይቅ ወደ ሞጣ ተነሣሁ። እናቴም ወንድሟ «ጨጓራ» እንደሚላቸው ሰምታ ስለነበር፣ ከእሷ የተረፉትን አሥር ፍሬዎችና አንድ ቋጠሮ ተልባ ሰጠችኝ። ስደርስ አጎቴ ሰውነታቸው ቀንሷል።

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ሆኑ?» አልኋቸው።

«ጨጓራ ነው ልጄ። እዚህ ጋ ይሰረስረኛል» ብለው ከእንብርታቸው ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። «ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ትንሽ እንጀራ ስቀምስበት ደግሞ ዝም ይላል።»

«እማዬም እሱው ነው ያለባት፤ በዚህ ነው የተሻላት» አልሁና መድኃኒቱን ሰጠኋቸው። ተልባውንም በጥብጠው እንዲጠጡ ነገርኋቸው። አጎቴ ለተማረ ሰው ትልቅ አክብሮት አላቸው። «ተባረክ፣ የእኔ ጌታ» ብለው ተቀበሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አልጠየቅሁም፤ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት መኖሩን። ለካ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከወራት ጀምሮ በየቀኑ ዲክሎፍናክ ይውጡ ኖሯል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና የሁለቱ ወንድምና እህት ሕመም በምን እንደሚለያይ ላስረዳ። ይህን ያወቅሁት አስቀድሜ ሳይሆን ኋላ ነው፤ ከደነገጥሁ በኋላ አንብቤና ባለሙያዎችን ጠይቄ።

ጨጓራችን ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያመነጫል። በፈሳሹ ውስጥ ከሎሚ ጭማቂ የሚበረታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለ። ጨጓራ ግን ራሱ በአሲዱ እንዳይበላ ከውስጥ በኩል በሚያሟልጭ ወፍራም ፈሳሽ ተለብጧል። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቱቦ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። የእሱ መከላከያ በመጨረሻው ላይ ያለው ክብ ጡንቻ ነው። ስንውጥ ይከፈታል፤ ምግቡ ሲያልፍ ይዘጋል። ይህ በር ሲላላ ወይም ያለጊዜው ሲከፈት አሲዱ ወደ ላይ ይመለስና ቱቦውን ያቃጥለዋል። ቃር የምንለው ይኸው ነው። የሚያቃጥለው ደረት መሐል ስለሆነ «ልቤን አቃጠለኝ» የሚልም አለ፤ ልብ ግን የለበትም።

ይህ ነገር ሲደጋገምና ሲጸና ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ጌርድ» ይሉታል። ለዓባይ ልጆች ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድባችንም በፈረንጆች አጠራር «ጌርድ» ነው። ፊደላቱ ተገጣጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ ለማስታወስ ግን ይረዳል። ግድቡ ወደ ታች የሚወርደውን ውኃ ይይዛል። በሰውነታችን ያለው በር ደግሞ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይይዛል። በሽታው የበሩ መላላት ነው።

በሩን የሚያላላውና ከታች የሚገፋው ነገር ምንድን ነው? አንደኛው በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትና ወዲያው መተኛት ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ በሩንም ያላላል። አረቄና ሲጋራም እንዲሁ። እርግዝናና የሆድ ውፍረት ከታች ይገፋሉ። አሁን የእናቴን የፋሲካ ሌሊት አስቡት። ለሃምሳ አምስት ቀን ቅቤና ሥጋ ያልነካ ሆድ፣ በሌሊት፣ በቅቤ የተነከረ ዶሮ ወጥ፣ ከዚያም መኝታ። ቃር ካልመጣ ነበር የሚገርመው! ሌላም አለ፤ እኔ በፍጹም ያላሰብሁት። የእኛ አገር እናቶች ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ይታጠቃሉ፤ እንደታጠቁም ጎንበስ ብለው ይጠርጋሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጋግራሉ። ወገብን ጠብቆ የሚያስር ነገር ሆድን ተጭኖ አሲዱን ወደ ላይ እንደሚገፋው ታውቋል። መጎንበስም ያው ነው።

ወደ አጎቴ ሕመም ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። የእሳቸው በር ደህና ነው። የተጎዳው ከበሩ በታች ያለው የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ነው፤ ይህም ቁስለት ይባላል። ለረጅም ዘመን የዓለም ሐኪሞች ራሳቸው ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት፣ ከሚያቃጥል ምግብና ከአሲድ ብዛት ነው ሲሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ማሳደግ ቻሉ። የሚያምናቸው ሲያጡም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በቀናት ውስጥ ታመመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። ጤና ጣቢያ ሄደን «ባክቴሪያ ተገኘብህ» የምንባለው ይኼው ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በጨጓራው ይዞት እንደሚኖር ሲገመት ቆይቷል፤ ይዞት ከሚኖረው ሰው ደግሞ አብዛኛው ቁስለት አይወጣበትም።

ሁለተኛው የቁስለት ምክንያት በየሱቁና በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ቀላል ነገር የምንገዛው የሕመም ማስታገሻ ነው፦ ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን። እነዚህ ሕመምን የሚያስታግሡት በሰውነት ውስጥ አንድን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ልባጥም የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ጉልበት ሲሻለው ጨጓራ ይራቆታል። ባክቴሪያውና ማስታገሻው አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው ይበዛል። አጎቴ ላይ ሁለቱም ተገናኝተው ነበር።

ታዲያ እኔ የሰጠኋቸው መድኃኒት ምን አደረገ? መርዝ አልሆነባቸውም። ኦሜፕራዞል አሲድን ስለሚቀንስ ለቁስለትም ይታዘዛል። የጎዳቸው ሌላ ነገር ነው። ለአሥር ቀን ሕመሙን ዝም አሰኘላቸው፤ እሳቸውም «ተሻለኝ» ብለው ሐኪም ጋ ሳይሄዱ ዲክሎፍናኩን ቀጠሉ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ። ቀጥሎም ሰገራቸው እንደ ቅጥራን ጠቆረ። ያን ጊዜ እንኳ ለማንም አልተናገሩም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የአጎቴ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። «አባባ ገበያ መሐል ወደቀብን። ሆስፒታል ነን፤ ደም አንሶታል እያሉ ነው» አለኝ። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን እየደማ ከርሞ ኖሯል። ልጃቸውና ጎረቤታቸው ደም ሰጡ፤ ለአጎቴም ደም ተሰጣቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ኋላም ባሕር ዳር ሄደው ኢንዶስኮፒ በሚባለው ምርመራ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ሲታይ፣ ቁስሉ ተገኘ። ባክቴሪያውም ስለተገኘባቸው ለ14 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ዲክሎፍናኩንም እንዲያቆሙ ተነገራቸው።

ልጠይቃቸው ስሄድ «ጋሼ፣ ሰገራዎ ሲጠቁር ምነው ዝም አሉ?» አልኋቸው።

«ተልባው ነው ብዬ እኮ ነው» አሉኝ።

ተልባውን የወሰድሁላቸው እኔ ነኝ። አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም «ልጄ ደክሞ መጥቶ» ብለው ቡና አስፈሉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝም ያች መልሳቸው ናት።

«ጨጓራ» በሚለው ስም የሚጠለሉት ቃርና ቁስለት ብቻ አይደሉም። ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጫነው፣ የሚያልበው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ ሰው ጨጓራ ሳይሆን ልቡን ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ ማለት የለበትም። ከቀኝ ጎድን ሥር የሚነሣ፣ ቅባት ከተበላ በኋላ የሚበረታ ሕመም የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ምግብ ሲዋጥ የሚቀረቀርበት፣ በመጀመሪያ እንጀራው ኋላም ሾርባው አልወርድ የሚለው ሰው ደግሞ የምግብ ቱቦ ካንሰር እንዳይሆን መመርመር አለበት። ይህ ካንሰር በአገራችን በተለይም በአርሲና በባሌ በብዛት እንደሚታይ የታወቀ ነው። እነዚህን ሁሉ «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣበት» ብለን ብንሸኛቸው ምን እንደሚሆኑ አስቡት።

ስለ ተልባ ካነሣሁ አይቀር፣ የቤት መድኃኒትን አጥላልቼ መሄድ አልፈልግም። ተልባና አብሽ ሲበጠበጡ ስለሚያሟልጩ ለጊዜው ማለስለሳቸው ያለ ነገር ነው። ወተትም ሲጠጣ ያበርዳል፤ ነገር ግን ከቆይታ በኋላ ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ እፎይታው አይዘልቅም። እርሾ የበዛበት እንጀራ የሚጎመዝዘው ሰው አፍለኛ ቢያስጋግር የሚከለክለው የለም። በርበሬና ቡና ላይም ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። ያስነሣብኛል የሚል ይቀንስ፤ የማያስነሣበትን ግን ከሽሮው በርበሬ አውጣ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም። የቤት መድኃኒት ጥፋቱ ማለስለሱ አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ማየት የሚገባንን ምልክት ሲሸፍንብን ነው፤ ያ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛውም ላይ ይደርሳል።

እናቴንስ? ከአጎቴ ነገር በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። የተቀበላት ባለሙያ «ምንሽን ያምሻል?» ሲላት እኔ «ጨጓራ» ልል አፌን ስከፍት፣ እሷ ቀድማ «ቃር ነው። ስጎነበስና ስተኛ ይመጣል፤ ጎምዛዛ ነው፤ ከበላሁ በኋላ ይብሳል» አለችው። ሰውየው ሣቀና «ምርመራውን አንቺው ጨረስሽው» አላት። እውነቱን ነው። ቃር በአብዛኛው የሚታወቀው በመሣሪያ ሳይሆን በሽተኛው በሚናገረው ነው። ስትውጥ ይቀረቀርባት እንደሆነ፣ ክብደት ቀንሳ እንደሆነ፣ ሰገራዋ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ሌላ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠየቃት። አንዱም አልነበረባትም። ኦሜፕራዞሉን ለስምንት ሳምንት አዘዘላት፤ ግን እኔ እንደሰጠኋት ከምግብ በኋላ ሳይሆን ከቀኑ የመጀመሪያ ምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላ፣ ሳታኝክ፣ እንድትውጠው ነገራት። መድኃኒቱ አሲድ አመንጪዎቹን የሚያገኛቸው ለሥራ ሲነሡ ስለሆነ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆምም አሲዱን ለጥቂት ጊዜ ከበፊቱ አብዝቶ ሊያስነሣው እንደሚችል፣ ሰውም «ያለ እሱ መኖር አልችልም» ብሎ ዓመታት የሚገፋው በዚህ ጭምር እንደሆነ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የጠቀማት ግን ሌላው ምክር ይመስለኛል። እራቷን ቀደም አድርጋ ትበላና ሦስት ሰዓት ያህል ሳትቆይ አትተኛም። መቀነቷን አላልታለች። ከአልጋዋ ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ጣውላ አስገባንላት። ትራስ መደራረብ ግን ሆድን ስለሚያጥፍ እምብዛም አይረዳም። ስትተኛም በግራ ጎኗ ነው፤ ጨጓራ ወደ ግራ ያዘነበለ በመሆኑ በግራ ሲተኙ አሲዱ ከበሩ በታች ይቀራል። ስለ ጾሙም የንስሐ አባቷን አማከረች። ፋሲካን ዛሬም ትፈስካለች፤ በሌሊቱ ጥቂት ቀምሳ ዋናውን ምግብ ለቀን ታቆየዋለች።

«እሺ፣ ቃሉን ብንለውጥ ምን ሊጠቅም ነው? በየወረዳው ኢንዶስኮፒ የለ፣ ጤና ጣቢያው ወረፋ፣ ገበሬው ሥራ ፈትቶ ባሕር ዳር አይሄድ። ጨጓራ ብሎ አንድ ፍሬ ውጦ መዋል አይሻለውም?» የሚል ተከራካሪ ይመጣብኛል። ክርክሩ ውኃ አያነሣም አልልም። መንገዱም ገንዘቡም እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም እኔ ሰው ሁሉ ኢንዶስኮፒ ይታይ አላልሁም። ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ ለይቶ ለመላክ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የት ያምሃል? መቼ ይብሳል፣ ስትበላ ወይስ ስትራብ? ስትውጥ ይቀረቀርብሃል? ሰገራህ ጠቁሯል፣ ደም አስመልሶሃል፣ ያለምክንያት ከስተሃል? ለሌላ ሕመም የምትወስደው መድኃኒት አለ? አጎቴን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ብጠይቃቸው ኖሮ፣ የመጨረሻዋ ብቻ በቂ ነበረች። የጉልበት ሕመማቸውን ለጨጓራ በማይከፋው በፓራሲታሞል ማስታገሥ ይቻል እንደሆነ ባለሙያ ጠይቀው፣ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

ደግሞም ባክቴሪያውን ከቃር ጋር ማምታታት ሌላ ኪሳራ አለው። ቃር ያለበት ሰው «ጨጓራ» ብሎ ሲመረመር ባክቴሪያው ሊገኝበት ይችላል፤ ግማሹ ሕዝብ አለበትና። የባክቴሪያውን መድኃኒት ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ቃሩ ግን የበር ጉዳይ ስለሆነ እዚያው ይቆያል። ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ እንደገና በደም ይመረመራል። የደም ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል፤ ሰውየውም ፀረ ባክቴሪያውን ይደግማል። ይህ ሁሉ ድካም የሚጀምረው ከአንዲት ቃል ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ «የተማረ ልጅ» ነን። የምንናገረው ይታመናል፤ የማናውቀውን ስንናገርም ይታመናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ዘመድ «ጨጓራ ነው» ሲለን «እሱማ መድኃኒት አለው» ከማለት በፊት «እስቲ እንዴት እንዴት ነው የሚያደርግዎ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የሙያችን ነው። በብቸናና በሞጣ ገጠር ያሉ እናቶችና አባቶች ሕመምን የሚገልጹበት ቃል ይህን ያህላል አይባልም። ያቃጥለኛል፣ ይጎመዝዘኛል፣ ይሰረስረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይነፋኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ያጥወለውለኛል፣ ያስገሳኛል። እያንዳንዱ የራሱ ቦታና የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። እነዚህን ሁሉ ትተን «ጨጓራ» በምትል በአንዲት ቃል መወሰናችን ድህነት እንጂ ሥልጣኔ አይደለም። መምህራኖቻችን ለመስክ ሥራ ሲልኩን ተረትና ምሳሌ፣ ቀረርቶና ሙሾ እንሰበስባለን፤ ደግ ነው። የሕመም ቃላትንም ከየወረዳው ብንሰበስብና የጤና ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችን ከየቃሉ ጎን ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ቢጽፉበት፣ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ ለሚመጣ ወጣት ሐኪም ትልቅ መጽሐፍ ይሆነዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ላጣ ሰው ይኸውና ርእስ፤ እኔም ብሆን ልሞክረው አስቤያለሁ።

አጎቴ ዛሬ ደህና ናቸው። ባለፈው ደውዬ «ጋሼ፣ ጨጓራዎ እንዴት ነው?» ብላቸው «ጨጓራዬማ እንደ ሁሉም ሰው አለ! ቁስሉ ነው የዳነ» አሉኝ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ቀድመው ተምረዋል።

ቸር ይግጠመን።